ጌጥ ከየት ይበጠሳል?

የአንገት ጌጥ ተበጠሰ ሲባል ዶቃው ተሰበረ ማለት አይደለም። ዶቃው ከአልጋ ሥር፣ ከሶፋ ሥር ተለቅሞ ሲቆጠር ብዙውን ጊዜ ሙሉ ነው። የከዳው ሌላ ነው፤ ገዥ ሲገዛ ልብ የማይለው፣ ሻጭም ሲሸጥ ስሙን የማያነሣው፣ ክብደቱ ግራም የማይሞላ ቁራጭ ብረት። ወይ መንጠቆው ተከፍቷል፣ ወይ ቀለበቷ አፏን ከፍታለች፣ ወይ ክሩን ጨብጦ የያዘው ትንሽ ቱቦ ለቋል። የጆሮ ጌጥም እንዲሁ ነው። ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚጥለው በዶቃው ምክንያት ሳይሆን ጆሮው ውስጥ በገባው ሽቦ ምክንያት ነው።

እዚህ ላምበረት ዶቃ እየሰካች የምትሸጥ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ቀለም መምረጥ ታውቅበታለች፤ እጇም ፈጣን ነው። መንጠቆና ቀለበት ሲሆን ግን ከሾላ ገበያ ወይም ከመርካቶ ርካሹን ፓኬት ይዛ ትመጣለች። «እትዬ፣ ማን ያየዋል ብለሽ ነው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ማንም አያየውም። ደንበኞቿ ግን ጌጡን ለጥገና ይዘው ሲመለሱ ተበላሸ ብለው የሚያሳዩዋት ሁልጊዜ ያንኑ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእሷና መሰሎቿ ነው፤ ገዥም ቢያነበው አይከፋም።

ከሰፈራችን በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ አለው። ጸበል ፍለጋ ከየአገሩ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች የሚሠሩበት «እንጦጦ ቤት አርቲዛን» የሚታወቀው በጥይት ቀለሃ ነው። የተተኮሰው ቀለሃ ቀልጦ ዶቃ ይሆናል፤ ዶቃው ተሰክቶ የአንገትና የእጅ ጌጥ ይሆንና አሜሪካ ድረስ ይሸጣል። የቴክሳሱ «ሬቨን ኤንድ ሊሊ» ለገበያ ካቀረቡት አንዱ ነው። ስለ ቀለሃው ብዙ ተጽፏል፤ ጥይት ጌጥ ሆነ የሚል ወሬ ማንም ጋዜጠኛ አያልፈውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የዶቃው ክብደት ነው።

የጥይት ቀለሃ ናስ ነው፤ ከመቶው 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ናስ ከ8 ግራም በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ከጫፍ ጫፍ 10 ሚሊሜትር የሆነ ድፍን የናስ ዶቃ፣ ቀዳዳው ተቀንሶለትም ቢሆን፣ 4 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ 40 ብትሰኩ 160 ግራም ይሆናል። ያ ክብደት ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ትከሻ ሽቅብ ይወጣና ማጅራት ላይ አንዲት መቆለፊያ ዘንድ ይገናኛል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ይጎትተዋል፤ ታክሲ ውስጥ መጎንበስና ቀና ማለት ይጎትተዋል። ለፕላስቲክ ዶቃ ተብላ የተሠራች ከቀጭን ቆርቆሮ የተጠቀለለች መቆለፊያ ይህን እንድትችል መጠበቅ የዋህነት ነው።

የጥንት አንጥረኞቻችን ይህን ጉዳይ አስበውበታል። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የተሰበሰቡትን መስቀሎች ለማየት ስትሄዱ፣ የአንገት መስቀሎቹን ቅርጽ ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ራስጌያቸው ላይ ማተቡ የሚያልፍባትን ማንጠልጠያ ተመልከቱ። ከብር በተሠሩ ብዙ የአንገት መስቀሎች ላይ ማንጠልጠያዋ ከመስቀሉ ጋር አንድ ወጥ አይደለችም። ለብቻዋ ተሠርታ፣ ጥርስ ለጥርስ ተጋጥማ፣ መሐሏ ቀጭን ዘንግ ገብቶላት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትታጠፋለች። ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። የምትታጠፍ ስለሆነች ሰውየው ሲጎነበስ መስቀሉ ከደረቱ ጋር አይታገልም፤ ማተቡንም አይገዘግዘውም። ዘመን ሲቆጥር የሚበላው ደግሞ ያ ዘንግ ነው፣ ዘንግ ማለት ደግሞ ማንም አንጥረኛ አውጥቶ የሚለውጠው ሽቦ ነው። መስቀሉ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ማንጠልጠያው ሁለቴና ሦስቴ ሊጠገን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። አንጥረኛው መስቀሉንም፣ ማንጠልጠያውንም፣ ዘንጉንም የሚያወጣው ከዚያው ከአንድ ብር ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠገራ ብር። ጠገራ፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛ ብር፣ በየትኛውም ዓመት ይመታ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። ክብደቱ 28 ግራም፣ ከመቶው 83 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ። ጌጡና መገጣጠሚያው አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አያዛግም፣ አንዱ ሲጠቁር ሌላው አያብለጨልጭም። ዛሬ ዶቃው የእኛ፣ መገጣጠሚያው በመርከብ የመጣ ሆኖ ተለያይተዋል። መልሰን እናገናኛቸው ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ራሳችን መሥራት አያቅተንም።

ወደ ሥራ ጠረጴዛችን እንመለስ። መገጣጠሚያ ስትመርጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ይህ ቁራጭ ቆዳ ይነካል? ይህ ቁራጭ ክብደት ይሸከማል? ቆዳ የሚነካ ከሆነ የምትጨነቁበት ከምን እንደተሠራ ነው። ክብደት የሚሸከም ከሆነ የምትጨነቁበት ውፍረቱና አዘጋጉ ነው። ሁለቱንም የማያደርግ፣ ለምሳሌ ከዶቃ ሥር የምትንጠለጠል ቅጠል፣ ርካሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታጥፉ።

የጆሮ መንጠቆ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ያውም ከሁሉ በባሰ ቦታ። የጆሮ ቀዳዳ እርጥብ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ቆዳውም ስስ ነው። ላብ ጨው አለው፤ ጨውና እርጥበት ከብረቱ ላይ ጥቂት በጥቂት ያሟሙታል። የሟሟው ኒኬል ከሆነ የአንዳንድ ሰው ሰውነት እንደ ጠላት መዝግቦ ይይዘዋል፤ አንዴ ከመዘገበው ደግሞ ዕድሜ ልክ አይረሳውም። ማሳከኩና ውኃ መቋጠሩ የሚመጣው ወዲያው አይደለም፣ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ነው። ሰው ግራ የሚገባውም ለዚህ ነው፤ ቅዳሜ ለሠርግ ያደረገችው ጌጥ ሰኞ ሲያሳክካት ሳሙናውን ትጠረጥራለች፣ ሽሮውን ትጠረጥራለች፣ ጌጡ ግን ትዝ አይላትም። ጆሮዋን ገና ለተበሳች ልጅ ይህን ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ቁስሉ ክፍት ነውና።

አውሮፓውያን በዚህ ላይ ሕግ ያወጡት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ቆዳ ላይ የሚቆይ ጌጥ በሳምንት ከአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ደነገጉ። ጆሮ በመሰለ የተበሳ ቦታ ውስጥ ለሚገባው ደግሞ ዛሬ ያለው ወሰን 0.2 ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚለካው ብረቱ ውስጥ ስንት ኒኬል አለ ብሎ ሳይሆን ስንት ይለቃል ብሎ ነው። ለዚህም ነው እንደ 316ኤል ያለው የማይዝግ ስቲል ከአሥር እጁ ከአንድ በላይ ኒኬል ይዞ ብዙ ሰው የሚስማማው፤ ላዩን የሚሸፍነው ስስ የክሮሚየም ቆዳ ኒኬሉን አሥሮ ያስቀረዋል። በሌላ በኩል «የወርቅ ቅብ» ተብሎ የሚሸጠው መንጠቆ ሥሩ ብዙ ጊዜ ናስ ነው፣ በናሱና በወርቁ መካከልም ቅቡ እንዲይዝና እንዲያብረቀርቅ የኒኬል ንጣፍ ይደረጋል። ወርቁ በጣም ስስ ነው። ጆሮ ውስጥ እየገባ እየወጣ ሲፋቅ መጀመሪያ የሚገለጠው ያ ኒኬል ነው። አዲስ ሳለ የተስማማ ጌጥ ከወራት በኋላ የሚያሳክከው እንዲህ እየሆነ ነው።

ነጭ የሆነ ሁሉም ብር አይደለም። «ጀርመን ሲልቨር» የሚባለው ነጭ ብረት መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው፤ ብር የሚባል የለበትም። መስቀል ቢሠራበት ያምራል፣ ከልብስ ላይ ቢደረግም ጉዳት የለው። ለጆሮ ግን አይሁን።

ገበያ ላይ ቆሞ መለየት ይቻላል ወይ? በከፊል። ትንሽ ማግኔት ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። መንጠቆው ማግኔቱ ላይ ልጥፍ ካለ ውስጡ ብረት ነው፤ ቅቡ ሲለቅ ይዝጋል፣ ነጭ ልብስ ላይም ቡናማ ነጥብ ይተዋል። ተዉት። ካልተለጠፈ ናስ፣ መዳብ፣ ብር ወይም የማይዝግ ስቲል ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት ከዚህ በላይ አይነግራችሁም፣ ስለ ኒኬልም ምንም አይልም። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ከሆነ ለኒኬል መመርመሪያ የሚሸጥ ትንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ አለ፤ በጥጥ ጫፍ ነክራችሁ ብረቱን ስታሹት ጥጡ ሮዝ ከሆነ ኒኬል እየለቀቀ ነው። ከልብስ ይልቅ ይህን አምጡልኝ በሏቸው። የጥፍር ቀለም ቀብቶ ማሳለፍም አለ፣ ብዙዎች ያደርጉታል፤ ግን በጥቂት ጊዜ ተልጦ ስለሚያልቅ መፍትሔ አልለውም።

የእኔ ምክር የብር ሽቦ ነው። አንድ አንጥረኛ ጋ ሄዳችሁ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ እንዲስብላችሁ ጠይቁ። ብሩን በየደረጃው እየጠበበ በሚሄድ ቀዳዳ እያሳለፈ ይስበዋል፤ ከ10 ግራም ብር ወደ 2 ሜትር ገደማ ሽቦ ይወጣል። ለአንድ መንጠቆ 5 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ከ0.8 የቀጠነ ይጣመማል፣ የጆሮንም ቆዳ እንደ ክር ይቆርጣል፤ 1 ሚሊሜትር ከደረሰ ደግሞ ብዙ ሰው ቀዳዳው ውስጥ አይገባለትም።

መጀመሪያ ሁለት እኩል 5 ሴንቲሜትር ቁረጡ። ጥንድ ነውና ሁሉንም ሥራ ለሁለቱም አንድ ላይ ሥሩ፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የማይመሳሰል መንታ ያስወልዳል። አንደኛውን ጫፍ በጥፍር ሞረድ አክባችሁ፣ ቀጥሎ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጫፉን ከንፈራችሁ ላይ አስኪዱት፤ ጣት የማያውቀውን ሸካራ ከንፈር ያውቀዋል። በሌላው ጫፍ በድቡልቡል አፍንጫ ፒንሳ ዶቃው የሚንጠለጠልበትን ዓይን ጠምዝዙ። ስፋቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ዓይን ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ሽቦ ይበላል። ከዚያ ሽቦውን በወፍራም ማርከር ላይ አጥፉት፤ ቅስቱ በራሱ ይወጣል። የጫፉን መጨረሻ ጥቂት ወደ ውጭ ገልበጥ አድርጉት፣ ከጆሮ እንዳይንሸራተት። በመጨረሻ ቅስቱን ለስላሳ ብረት ላይ አጋድማችሁ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ እንዲጠፈጠፍ ሳይሆን እንዲጠነክር። ብር፣ መዳብና ናስ ሲታጠፉና ሲመቱ ይደድራሉ፤ ያልተመታ የብር መንጠቆ ሹራብ ሲወልቅ ይዘረጋል።

ለመለማመጃ ብር አታባክኑ። ኤሌክትሪሺያን ቤት ውስጥ መስመር ሲዘረጋ ጥሎት የሚሄደው ቁራጭ ሽቦ ውስጡ መዳብ ነው፣ ልጡን ገፋችሁ ተጠቀሙበት። የመዳቡን መንጠቆ ግን ጆሮ ውስጥ አታድርጉት፤ ከላብ ጋር ሆኖ አረንጓዴ ያወጣል። የናስ ዶቃም አንገት ላይ አረንጓዴ የሚተወው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው ይደነግጥበታል እንጂ በሳሙና የሚታጠብ ነው፣ ከኒኬል ማሳከክ ጋር አታምታቱት።

ስለ ክብደት አንድ ነገር ልበል። የአያቶቻችን ሎቲ ከባድ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። ነበር፤ የብዙዎቹም የጆሮ ቀዳዳ ተሰንጥቆ ወይም ረዝሞ ቀርቷል። እኔ የአንድ ጆሮ ጌጥ ከሩብ ጠገራ፣ ማለትም ከ7 ግራም፣ እንዳያልፍ እመክራለሁ። ሁለት ድፍን የናስ ዶቃ ብቻ ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ ቀለሃ ለጆሮ ከሆነ ከድፍን ዶቃ ይልቅ ስስ ቁራጭ ይሻላል።

አሁን ወደ ቀለበቷ እንምጣ፤ መቆለፊያን ከክር፣ ዶቃን ከመንጠቆ የምታያይዘው፣ አፏ የተሰነጠቀ ትንሽ ቀለበት። በብዙ ጌጥ ላይ የምትበላሸው እሷ ናት፤ የምትበላሸውም በአከፋፈቷ ነው። ጎረቤቴ በጥፍሯ ወይም በአንድ ፒንሳ ይዛ ሁለቱን ጫፎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትጎትታቸዋለች። ቀለበቷ ያን ጊዜ ክብነቷን ታጣለች፣ እንደገና ስትዘጋም ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት አይገናኙም። በዚህ ፈንታ ሁለት ፒንሳ ያዙ። ስንጥቁ ወደ ላይ ይሁን፣ ግራውን ጫፍ በግራ፣ ቀኙን በቀኝ ያዙ፤ ከዚያ አንደኛውን ወደ ራሳችሁ፣ ሌላውን ወደ ፊት ግፉት፤ ልክ እንደ በር ይከፈታል፣ ክቡ ግን አይፈርስም። ስትዘጉም በዚያው መንገድ መልሱት። ብረት ወደ ነበረበት የመመለስ ጠባይ ስላለው ጫፎቹ ልክ ሲገናኙ ብታቆሙ ትንሽ ይለቃሉ። ስለዚህ ከልኩ ጥቂት አሳልፉት፣ ወደ ውስጥም ጫን እያደረጋችሁ ወዲያና ወዲህ አንድ ሁለት ጊዜ አመላልሱት። ጫፎቹ ሲፋጩ በጣታችሁ ላይ ጠቅ የሚል ስሜት ይመጣል። ያን ጊዜ ተዘግቷል። ወደ መስኮት አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ በስንጥቁ ብርሃን ካለፈ ክርም ያልፋል።

ያለን ፒንሳ የኤሌክትሪሺያን ነው፣ ጥርሱም ጌጡን ይቧጥጣል የሚል ካለ፣ አፉን በፕላስተር ጠቅልሉት፣ ሥራ ይሠራል።

ውፍረት ላይ አትሰስቱ። ለተራ ጌጥ ከ0.8 ሚሊሜትር ሽቦ የተጠቀለለች፣ ስፋቷ 5 ሚሊሜትር የሆነች ቀለበት ትበቃለች። ለቀለሃ ዶቃ 1 ሚሊሜትር። በፓኬት የሚሸጡት ብዙዎቹ ከዚህ የቀጠኑ ናቸው፤ በጣት ስትጨብጧቸው ከተጣመሙ መልሱላቸው። ከስፋት ይልቅ ውፍረት ያዋጣል፤ ትልቅና ቀጭን ቀለበት ከትንሽና ወፍራም ቀለበት ቀድማ ትከፈታለች። ፈጽሞ እንዳትከፈት የምትፈልጓትን፣ ለምሳሌ መስቀል የምትይዘውን፣ አንጥረኛ በብርና በቦራክስ ይበይድላችሁ፤ ሥራው ቶሎ የሚያልቅ ነው፣ ያለዚያ መስቀሉ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል። ክር በቀጥታ ካልተበየደች ቀለበት ላይ አትሰሩ፤ ክር ቀጭን ነው፣ ስንጥቁን ፈልጎ ይወጣል።

መስኪያውስ? በእጅ የተሠራ የብረት ዶቃ ቀዳዳው ከንፈሩ ስለታም ነው። ከመርፌ ጋር ስታሳልፉት አይታወቃችሁም፣ ሰው ሲለብሰውና ሲንቀሳቀስ ግን እያንዳንዱ ዶቃ የተሰካበትን የናይለን ክር ይገዘግዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ዶቃ ቀዳዳ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ወይም በቀጭን ድቡልቡል ሞረድ አለስልሱ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ቀጥሎ በናይለን ፈንታ ከብዙ ቀጫጭን የስቲል ጭረቶች ተገምዶ ናይለን የተለበጠውን ሽቦ ፈልጉ። 7 ጭረት፣ 19 ጭረት፣ 49 ጭረት እየተባለ ይሸጣል፤ ጭረቱ በበዛ ቁጥር እንደ ክር ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም ቶሎ አይሰበርም። ይህ ሽቦ አይቋጠርም። ጫፉ መቆለፊያውን አልፎ ተመልሶ በትንሽ ቱቦ ውስጥ ይገባና ቱቦው በፒንሳ ይጨፈለቃል። ቱቦው ውስጥ ሁለቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ይሁኑ፤ ከተደራረቡ አንዱ ሌላውን ይቆርጠዋል። ከመጨፍለቃችሁ በፊት ደግሞ ጌጡን ጠረጴዛ ላይ ክብ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቀጥ ባለበት አጥብቆ የተሰካ ጌጥ ሲከብ ይወጠራል፣ ዶቃዎቹም ሽቦውን ይጨርሱታል። ጥቂት ሚሊሜትር ልቅ ተዉለት።

የጥጥ ማተብስ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ለመስቀልና ለቀላል ዶቃ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ላቡን ይጠጣል፣ ቆዳ ላይ አይንሸራተትም፣ ሲያረጅም በትንሽ ገንዘብ ይለወጣል። መቆለፊያም አይፈልግም፤ በራስ በኩል እንዲያልፍ ረዘም ተደርጎ ይቋጠራል። ብዙ ሰው ጌጥ የሚመስለው ቁልፍ ሲኖረው ነው እንጂ፣ ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ለሆነ የአንገት ጌጥ ቁልፍ ትርፍ ነው።

ቁልፍ ካስፈለገ ግን ለማን እንደሆነ አስቡ። በጣም የተለመደችው ውስጧ ስፕሪንግ ያለባት፣ በጥፍር ስበን የምንከፍታት ናት። የታመነች ናት፤ ችግሯ ጣታቸው ለሚቆረጥማቸውና ዓይናቸው ለደከመ እናቶች ማጅራት ላይ መክፈት ፈተና መሆኑ ነው። ለእነሱ ቀለበትና ዘንግ ያለው ይሻላል፤ ዘንጉ በጫፉ ቀለበቱ ውስጥ ይገባና ሲዞር ይያዛል። ይህ ዓይነቱ የሚሠራው በክብደት ነው፤ ጌጡ ወደ ታች ሲስበው ዘንጉ ቀለበቱን አግድሞ ይቀመጣል። ቀላል የክር ጌጥ ላይ ካደረጋችሁት ሰውየው ሲያዛጋ ይወልቃል፤ ለናስ ዶቃ ግን ልኩ ነው። ከዘንጉ አጠገብ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ዶቃዎች ግን ትንንሽ አድርጓቸው፣ አለበለዚያ ዘንጉ ቀለበቱ ውስጥ ለመግባት መታጠፊያ ያጣል። የማግኔት ቁልፍ ምቹ ነው፤ ለከባድ ጌጥ አይሆንም፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ላለው ሰውም አይሰጥ።

ሕፃን ያዘለች እናት ከሆነች ገዥዋ፣ ነገሩ ይገለበጣል። የልጅ እጅ የያዘውን አይለቅም። እዚህ ላይ የምንፈልገው ሲጎተት የሚለቅ ቁልፍ ነው፤ ከእናቲቱ አንገት ወይም ከልጁ ጣት ቁልፉ ቢበጠስ ይሻላል። ዶቃው እንዳይበተንና ልጅ እንዳይውጠው በሽቦ ፈንታ በክር ሰክቶ በየዶቃው መካከል ቋጠሮ መጣል ነው።

ወደ ውጭ የምትልኩ ካላችሁ ሌላም ጥያቄ ይጠብቃችኋል። የአውሮፓ ሕግ ጌጥ ውስጥ እርሳስ ከመቶው ከ0.05፣ ካድሚየም ከ0.01 እንዳያልፍ ይከለክላል። የጥይት ቀለሃው ናስ በራሱ ለሥራ ጥሩ ነው፤ ቂጡ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ካፕሱል ግን አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ውሕድ የነበረባት ናት። ቀለሃ ከመቅለጡ በፊት ካፕሱሏ ትውጣ፣ ቀለሃው ይታጠብ፣ ማቅለጡም ከማእድ ቤትና ከልጆች ርቆ ነፋስ ባለበት ይሁን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ያልተተኮሰ ጥይት አለመቀላቀሉን አንድ በአንድ ማየት ነው፤ ይህን ለማለት አስፈላጊ ባይሆን ደስ ባለኝ።

ጎረቤቴን ያሳመናት ኒኬሉም የአውሮፓ ሕጉም አልነበረም፣ ነጠላ ነው። የእኛ ገዥ ጌጧን የምታደርገው ከነጠላ ጋር ነው፤ ነጠላ ደግሞ ለቀጭን ሽቦ ጫፍ፣ ለተከፈተ ቀለበት፣ በደንብ ላልተጨፈለቀ ቱቦ ወጥመድ ነው። ክሩ አንዴ ከተያዘ ወይ ነጠላው ይተረተራል ወይ ጌጡ ይበጠሳል። ስለዚህ ለሽያጭ ከመታሸጉ በፊት ያለቀውን ጌጥ ባረጀ ነጠላ ላይ ፊትና ጀርባውን እየገለበጣችሁ ጎትቱት፤ ቁልፉን፣ ቀለበቶቹን፣ የመንጠቆውን ጫፍ፣ ሁሉንም። ክር የያዘበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉና ወደ ሞረዱ መልሱት። ለዚሁ ሥራ አንድ ያረጀ ነጠላ ሰጥቻታለሁ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታዋለች፤ አሁን ከሾላ የምታመጣውን ፓኬትም ገና ገበያው ላይ ቆማ በራሷ ነጠላ ጫፍ ትሞክረዋለች፣ ሻጩ ዓይኑን እያፈጠጠባት።